ሮም፣ ፍሎረንስና ቬኒስ በባቡር ለሁለት፦ የሚያዋጣውና የማያዋጣው

ከጓደኛ ጋር ጣሊያን ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሒሳብ ሲያወጣ በብዛት የሚሳሳተው «ሁለት ስለሆንን ይቀንስልናል» ብሎ ነው። አይቀንስም። ባቡሩ በሰው ነው፣ ሙዚየሙ በሰው ነው፣ ከተማው በየሌሊቱ የሚያስከፍለው የእንግዳ ግብር በሰው ነው፣ ምግብ ቤት ወንበር ስባችሁ ስለተቀመጣችሁ ብቻ የሚታሰበውም በሰው ነው። ሁለት መሆን በእርግጥ የሚጠቅመው በሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በመኝታ ክፍል፣ በታክሲና በጎንዶላ፣ በቬኒሷ ቀጭን ጀልባ። ከታች የተገመገመው የተለመደው የሰባት ሌሊት ጉዞ ነው፤ ሦስት ሌሊት ሮም፣ ሁለት ፍሎረንስ፣ ሁለት ቬኒስ። ዋጋዎቹ የ2025 እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ከታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው፣ ሰዓቱ ደግሞ በጣሊያን አቆጣጠር።

ስለ ሰዓቱ የተነሣው ለቀልድ አይደለም። የጣሊያን ባቡር ሰሌዳ የሚቆጥረው በ24 ሰዓት ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከዋሽንግተን የመጡ ጓደኛሞች «ሁለት ሰዓት ላይ ጣቢያው በር እንገናኝ» ቢባባሉ አንዱ 8፡00 ላይ፣ ሌላው 14፡00 ላይ ብቅ ሊል ይችላል። የተገዛውን ቲኬት ፎቶ አንሥቶ መላላክ ይሻላል።

ከጉዞው ሁሉ ምርጡ ባቡሩ ነው። ከሮም ቴርሚኒ ጣቢያ እስከ ፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ጣቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ከፍሎረንስ ቬኒስ ሳንታ ሉቺያ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ፈጣኖቹ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። የመንግሥቱ ትሬንኢታሊያ «ፍሬቻሮሳ» የሚባለውን ቀይ ባቡር ያሰማራል፤ በ2012 የገባው የግሉ ኢታሎ በዚያው ሐዲድ ላይ ይፎካከረዋል። በፍጥነትም ሆነ በመቀመጫ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ ለስም ታማኝ መሆን አያስፈልግም፤ የሁለቱንም ዋጋ አይታችሁ የረከሰውን ቁረጡ።

ዋጋው እንደ አውሮፕላን ቲኬት ነው። ከወር ወይም ከሁለት ወር በፊት የያዘ ሰው ከሮም ፍሎረንስ በ20 ዩሮ አካባቢ ያገኛል፤ ጠዋት ጣቢያ ደርሶ የሚገዛ ለዚያው ወንበር ከእጥፍ በላይ ሊከፍል ይችላል። ግን ርካሹ ቲኬት የታሰረ ነው፤ ቀን አይቀየርለትም፣ ገንዘብም አይመለስለትም። ትሬንኢታሊያ «ባዜ» የሚለው ሙሉ ዋጋ ነው የሚለወጠውና የሚመለሰው። በከተሞች መካከል ላለው ጉዞ ርካሹን ያዙ። ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በዚያው ቀን ለምትሳፈሩበት ባቡር ግን ርካሹን አትግዙ፤ በረራው ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ባቡሩ አይጠብቃችሁም፣ ቲኬቱም ከንቱ ይቀራል። መጀመሪያ ሮም ማደር የሚመከረውም ለዚሁ ነው።

ሁለቱንም ቲኬት አንድ ሰው ይቁረጥ። አብሮ ሲቆረጥ ወንበሩ ጎን ለጎን ይመጣል፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ከገዛ አንዱ ሦስተኛ ሌላው ዘጠነኛ ፉርጎ ይደርሰዋል። ቲኬቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፦ «ካሮፃ» ፉርጎው ነው፣ «ፖስቶ» ወንበሩ።

ጣቢያው ውስጥ አዲስ ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ። የመነሻ ሰሌዳው የሚጽፈው እናንተ የምትወርዱበትን ሳይሆን ባቡሩ የሚያበቃበትን ከተማ ነው። ከሮም ወደ ፍሎረንስ የሚሄደው ባቡር «ቬኔዚያ»፣ «ሚላኖ» ወይም «ቶሪኖ» ተብሎ ይወጣል። «ፊሬንፄ» (ፍሎረንስ) የሚል ፍለጋ ዓይን ከሚያፈጡ ቲኬቱ ላይ ያለውን የባቡር ቁጥርና የመነሻ ሰዓት ማመሳከር ነው። የሐዲዱን ቁጥር የሚነግረው «ቢናርዮ» የሚለው ዓምድ መነሻው ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚሞላው፤ ቴርሚኒ ላይ ደግሞ ወደ ሐዲዱ ለመግባት ቲኬት የሚታይበት በር አለ። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ በቂ ነው። የባቡሩ በር ከመነሻው ሰዓት ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ሮጦ የደረሰን አያስገባም።

የጣቢያ ስም ላይም አንድ ወጥመድ አለ። «ቬኔዚያ ሜስትሬ» ቬኒስ አይደለችም፤ በየብስ ያለችው የዘመኑ ከተማ ናት። ውሃው ያለበት የመጨረሻው ጣቢያ ሳንታ ሉቺያ ነው። ሮም ላይ ደግሞ «ቲቡርቲና» ከቴርሚኒ ይለያል።

አጭር መንገድ ላይ፣ ለምሳሌ ከፍሎረንስ ፒዛ፣ የሚሄደው ሬጆናሌ የሚባለው ዝግተኛ ባቡር ነው። ዋጋው ዛሬም የዛሬ ወርም አንድ ነው፣ ወንበር አይያዝም። ቅጣቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የወረቀት ቲኬት ከመሳፈር በፊት መታተም አለበት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሳጥን አለች፤ ቲኬቱን ከተከታችሁ በኋላ ወደ ግራ ገፋ ስታደርጉት «ጥርር» ብላ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጣቢያውን ታትምበታለች። ድምፅ ካልሰማችሁ አልታተመም፤ አውጥታችሁ ተመልከቱት። ከታተመ በኋላ የሚሠራው ለአራት ሰዓት ነው። በስልክ የተገዛ ከሆነ መታተሙ ቀርቶ ከመሳፈር በፊት «ቼክ ኢን» የሚለውን መንካት ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው «አላወቅንም» የሚል መልስ በቀን መቶ ጊዜ ስለሚሰማ አያዝንም። ማተሚያው ከተበላሸ ቀኑንና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ጽፎ፣ ባቡሩ ውስጥ ተቆጣጣሪውን ቀድሞ ፈልጎ መናገር ነው።

«ሾፔሮ» የሚለው ቃል ሰሌዳ ላይ ከታየ የሥራ ማቆም አድማ ነው። ቀድሞ ይነገራል፤ በሥራ ቀን ደግሞ ከ6፡00 እስከ 9፡00 እና ከ18፡00 እስከ 21፡00 ሬጆናሌ ባቡር እንዲሠራ ሕጉ ያስገድዳል። ወደ ሲዬና ወይም ፒዛ ደርሶ ለመመለስ ያሰበ ሰው በዚያ ቀን ፍሎረንስ ቢውል ይሻለዋል። (ከሁለቱ ሲዬና ትመረጣለች። ወደ ሲዬና ግን ከባቡር አውቶቡሱ ይሻላል፤ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ኮረብታ በታች ነው፣ አውቶቡሱ ግን አሮጌው ከተማ አፍ ላይ ያወርዳል። ፒዛ ዘንባላውን ማማ አይቶ መመለስ ነው፣ ግማሽ ቀን።)

ሮም። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቴርሚኒ የሚወስደው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ 32 ደቂቃ ይፈጃል፣ በሰው 14 ዩሮ፣ ለሁለት 28። ከአሮጌው የከተማ ግንብ ውስጥ ለሚያርፍ ሰው የታክሲ ዋጋ በማዘጋጃ ቤቱ የተወሰነ 55 ዩሮ ነው፤ ሻንጣም ተጨማሪ አይጠየቅበትም። ሁለት ሰው ሁለት ትንሽ ሻንጣ ከሆነ ባቡሩ። ለዘመድ የተላከ በርበሬና ሽሮ የሞላበት አራት ሻንጣ ከሆነ ታክሲው፤ ግን ውጭ ተሰልፈው ከቆሙት ነጮቹ ታክሲዎች እንጂ አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ ከሚጠጋው ሰው አይደለም። በሰው 8 ዩሮ የሚያስከፍል ዝግተኛ ባቡርም አለ፤ ወደ ትራስቴቬሬ፣ ኦስቲዬንሴና ቲቡርቲና ነው የሚሄደው፣ ቴርሚኒ አይገባም።

ኮሎሲየም የጓደኛሞች ፈተና ነው። ቲኬቱ 18 ዩሮ፣ ለ24 ሰዓት የሚሠራ፣ ፎረሙን (የጥንቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ) እና ፓላቲን ኮረብታን የሚጨምር። ከ2023 ጀምሮ ግን ስም ይጻፍበታል፣ በሩ ላይም መታወቂያ ይታያል። ለሐበሻ ስም ይህ ቀላል አይደለም። «ኃይሌ»ን፣ «ፀሐይ»ን፣ «ተስፋዬ»ን በላቲን ፊደል ሦስትና አራት ዓይነት የሚጽፍ አለ፤ ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሰፈረው የአባት ይሁን የአያት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ለሌላው በቃሉ እንዳይሞላ። የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶ ተቀብሎ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው።

ሽያጩ የሚከፈተው ቀኑ 30 ቀን ሲቀረው ነው። የምድር ቤቱን የሚያሳየው 24 ዩሮው ቀድሞ ያልቃል። የተያዘው ሰዓት ለኮሎሲየሙ ብቻ ነው፤ ፎረምና ፓላቲን በ24 ሰዓቱ ውስጥ በፈለጋችሁት ጊዜ አንዴ ይገባባቸዋል። ጥላ የሌለው ፎረሙ ነው። ስለዚህ በሙቀት ወራት ፎረሙን ጠዋት በር እንደተከፈተ ጨርሶ ኮሎሲየሙን ለከሰዓት መያዝ። ከኮሎሲየሙ አስተዳደር የራሱ ድረ ገጽ ውጭ «ያለ ሰልፍ» እያሉ በእጥፍ የሚሸጡ ብዙ ናቸው፤ የሚሸጡት ያንኑ ቲኬት ከአስጎብኚ ጋር ነው። አስጎብኚ ካልፈለጋችሁ ለምን? በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነፃ ነው። ሰልፉን ያየ ግን 18ቱን ዩሮ በደስታ ይከፍላል።

ቫቲካን ሙዚየም 20 ዩሮ ሲሆን በኢንተርኔት ለመያዝ 5 ይጨመራል። ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ነው። ሲስቲና ቤተ ጸሎት ውስጥ ፎቶ የለም፤ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም፣ ነጠላ የያዘች ሴት ግን ችግር የለባትም። ፓንቴዮን የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ 5 ዩሮ ነው፣ ለዚያ ጣሪያ ደግሞ 5 ዩሮ ስጦታ ነው፦ 43 ሜትር ስፋት ያለው ብረት የሌለበት ኮንክሪት ጉልላት፣ አናቱ ላይ 9 ሜትር ገደማ ክፍት ቀዳዳ። ሲዘንብ ውስጥ ይዘንባል።

ውሃ አትግዙ። «ናዞኒ» የሚባሉት የብረት ቧንቧዎች በየመንገዱ ሌት ተቀን ይፈሳሉ፣ ውሃውም የሚጠጣና ቀዝቃዛ ነው። የቧንቧውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ሳያጎነብሱ የሚጠጣው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጓደኛችሁ ይሞክር፤ አፉን ሳያዘጋጅ የደፈነ ሰው ፊቱን ነው የሚታጠበው።

ኢትዮጵያዊ ተጓዥ ሮም ላይ መመሪያ መጽሐፍ የማይጠቁመው ሁለት ቦታ አለው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አውቶቡስ የሚነሣበት ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሁለተኛው ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ያለው ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ነው። በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት የተተከለው እዚያ፣ አሁን የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) መሥሪያ ቤት ከሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር፤ በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ቆሟል። ዛሬ በቦታው አካባቢ ያሉት ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች የመስከረም 11ዱን የአሜሪካ ጥቃት ለማስታወስ የቆሙ ናቸው። ከኮሎሲየም በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው።

ቡናና ምግብ። የአዲስ አበባን ማኪያቶ የለመደ ሰው ጣሊያን ላይ «ማኪያቶ» ብሎ ሲያዝ የሚመጣለት በጣት የምትያዝ ሲኒ፣ ጥቁር ቡና፣ ላዩ ላይ የወተት ጠብታ ነው። ቃሉ ራሱ «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት ነው፤ ወተቱን ያበዛነው እኛ ነን። የኛን የሚመስል ካማራችሁ ካፑቺኖ ማዘዝ ነው። «ላቴ» ብቻ ካላችሁ አንድ ብርጭቆ ወተት ይቀርብላችኋል። ቆሞ የሚጠጣና ተቀምጦ የሚጠጣ ዋጋው አንድ አይደለም፤ አደባባይ ላይ ወንበር ከያዛችሁ ሦስትና አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጣቢያ አካባቢ ባሉ ቡና ቤቶች መጀመሪያ «ካሳ» ጋ ተከፍሎ ደረሰኙ ለቡና ቀጂው ይሰጣል። ካሳ ገንዘብ መቀበያው ነው፤ ያጠፋችሁት ነገር የለም። እንደዚሁ «ካምቢዮ» የሚል ሰሌዳ ስታዩ የመኪና ጋራዥ እንዳይመስላችሁ፣ ምንዛሪ ቤት ነው፣ ምንዛሪውም አይረባም። የካርድ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በዩሮ?» ብሎ ከጠየቀ ዩሮ በሉ።

ሒሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል መስመር ካያችሁ አልተታለላችሁም። የዳቦና የገበታ ዋጋ ነው፣ በሰው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዩሮ፣ ሜኑው ላይም ይጻፋል። ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም።

ጾመኛ ጣሊያን ውስጥ አይቸገርም፣ ግን ማወቅ ያለበት አለ። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ስፓጌቲ አልዮ ኤ ኦልዮም እንዲሁ፤ «ሴንፃ ፎርማጆ» (አይብ የሌለበት) ማለት አይረሳ። ተጠንቀቁ የሚባለው በእጅ የተሠራው ትኩስ ፓስታ ላይ ነው፦ ታልያቴሌና የመሳሰሉት እንቁላል አለባቸው፣ ደረቁ ስፓጌቲ ግን ዱቄትና ውሃ ነው። ፍሎረንስ ላይ ሪቦሊታ የሚባል የቦሎቄ፣ የጎመንና የደረቀ ዳቦ ሾርባ አለ፤ ለጾም ከዚህ የተሻለ የለም፣ ከላይ አይብ እንዳይፈገፈግበት ብቻ ንገሯቸው። ጄላቶ ቤት ሶርቤቶ የሚባለው ወተት የለበትም።

አልጋ ስትይዙ «ማትሪሞኒያሌ» አንድ ሰፊ አልጋ ነው፣ «ዶፒያ» ደግሞ ሁለት ነጠላ አልጋ። ጓደኛሞች የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው፤ ድረ ገጾቹ ላይ ግን ሁለቱ ስለሚደባለቁ ለሆቴሉ በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የእንግዳ ግብሩ የክፍሉ ዋጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይካተትም። ሮም ላይ ለባለ ሦስት ኮከብ 6 ዩሮ፣ ለባለ አራት 7.50 ነው፣ በሰው በሌሊት። ሁለት ሰው፣ ሦስት ሌሊት፣ ባለ ሦስት ኮከብ፦ 36 ዩሮ ሲወጡ ይጠየቃል።

ፍሎረንስ ላይ ሰኞ አትድረሱ፤ ታላቁ የሥዕል ሙዚየም ኡፊዚም የዳዊት ሐውልት ያለበት አካዴሚያም ዝግ ናቸው። ኡፊዚ 25 ዩሮ ሲሆን ለመያዝ 4 ይጨመራል፣ ሦስት ሰዓትም ይፈልጋል። አካዴሚያ በተግባር የአንድ ሐውልት ቤት ነው። ከ1501 እስከ 1504 ሚኬላንጄሎ የጠረበው፣ ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝመው ዳዊት እዚያ ነው፤ ግልባጩ ግን ቀድሞ በቆመበት ፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ በነፃ ይታያል። ገንዘብ ካጠረ የሚቀረው አካዴሚያ ነው።

የማይቀረው ጉልላቱ ነው። ካቴድራሉ ራሱ ነፃ ነው፤ ብሩኔሌስኪ በ1436 የጨረሰውን ጉልላት ለመውጣት ግን ለሦስት ቀን የሚያገለግል የ30 ዩሮ ቲኬት ያስፈልጋል፣ የመውጫ ሰዓቱም ቀድሞ ይያዛል። የዘገየ ሰው ይቀራል። 463 ደረጃ ነው፤ አሳንሰር የለም። ከመሀል በላይ መንገዱ በውስጠኛውና በውጭኛው ጉልላት መካከል ነው የሚያልፈው፤ ግድግዳው ወደ ሰው ያዘነብላል፣ በአንዳንዱ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይተላለፍም፣ መሀል ላይ «ልመለስ» ቢሉ ከኋላ ያለው ሰልፍ አያሳልፍም። ጉልበት የሚያመው ወይም ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ጓደኛ ካለ አታባብሉት። ለእርሱ የጆቶ ደወል ቤት አለ፦ 414 ደረጃ፣ በየመሀሉ ማረፊያ ፎቅ፣ በ20 ዩሮው ቲኬት። እንዲያውም ከደወል ቤቱ ጉልላቱ ራሱ ስለሚታይ ፎቶው ከዚያ ነው የሚያምረው።

ቬኒስ ከሦስቱም ውድ ናት፣ ሳትዘጋጅ የሄደን ሰው የምትቀጣም እሷ ናት። በ2025 ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ በተመረጡ 54 ቀናት፣ ከ8፡30 እስከ 16፡00፣ ሳያድር ደርሶ የሚመለስ ጎብኚ 5 ዩሮ፣ ዘግይቶ ከያዘ 10 ዩሮ ከፍሏል። የሚያድር አይከፍልም፤ ነገር ግን ከከተማው ድረ ገጽ የነፃነት ኮዱን ቀድሞ ማውጣት አለበት። ሜስትሬ ማደርም እንደ ቬኒስ ይቆጠራል። ሜስትሬ ርካሽ ናት፣ በባቡር አሥር ደቂቃ ብቻ ናት፣ ግን አንመክራትም። ቬኒስ ቬኒስ የምትሆነው ጎብኚው ከተመለሰ በኋላ ማታና ማለዳ ላይ ነው፤ ሜስትሬ ያደረ ሰው የሚያየው ግፊያውን ብቻ ነው።

ቫፖሬቶ የሚባለው የውሃ አውቶቡስ አንድ ጉዞ 9.50 ዩሮ ነው፣ ለ75 ደቂቃ። የ24 ሰዓቱ 25፣ የ72ቱ 45። በቀን ሦስት ጊዜ የሚሳፈር ሰው የቀኑን ይውሰድ። አንዱን ካርድ ሁለት ሰው አይጋራውም፤ በተሳፈራችሁ ቁጥርም ማንበቢያው ላይ አስጠግታችሁ ድምፁን መስማት አለባችሁ። 1 ቁጥር ታላቁን ቦይ እየቆመ ከዳር እስከ ዳር ያሳያል፤ አመሻሽ ላይ ውጭ ያለውን ወንበር ማግኘት ከጎንዶላ አይተናነስም። ጎንዶላው 90 ዩሮ ለ30 ደቂቃ፣ ከ19፡00 በኋላ 110 ነው። ዋጋው የጀልባው እንጂ የሰው አይደለም፣ እስከ አምስት ሰው ይጭናል። ለሁለት 45 በነፍስ ወከፍ ውድ ነው፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች ከተስማሙ ይሞከራል። ጎንዶላ ላይ ተቀመጥሁ ለማለት ብቻ ከሆነ ደግሞ ታላቁን ቦይ የሚያሻግረው ትራጌቶ በ2 ዩሮ አለ። ሁለት ደቂቃ ነው፣ ያው ውሃ ነው።

ሻንጣ አቅልሉ። ድልድዮቹ ከ400 በላይ ናቸው፣ ደረጃ የሌለው ጥቂት ነው፤ 23 ኪሎ ሻንጣ ተሸክሞ አምስት ድልድይ የተሻገረ ሰው የሆቴሉን ርካሽነት ይረሳል። አልጋ ስትይዙ «ከቫፖሬቶ ማቆሚያው ስንት ድልድይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከኮከቡ ብዛት ይበልጣል።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አንድ የቀረ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮምም ሚላኖም ይበራል። መሄጃና መመለሻውን በሮም ከቆረጣችሁ በመጨረሻው ቀን ከቬኒስ ሮም አራት ሰዓት ባቡር አለባችሁ። መግቢያው ሮም መውጫው ሚላኖ ማልፔንሳ ከሆነ ግን ከቬኒስ ሚላኖ ቼንትራሌ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከዚያ በማልፔንሳ ኤክስፕረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለዚያ ቀን ባቡር የሚለወጠውን ቲኬት ግዙ።